ሞቶሮላ ሬዘር ቪ3፦ የቀጭኑ ተከፋች ስልክ አያያዝ፣ ፍተሻና ጽዳት

ሬዘር ቪ3 ተዘግቶ ሲለካ ርዝመቱ 98 ሚሊ ሜትር፣ ወርዱ 53፣ ውፍረቱ 13.9 ነው። ክብደቱ 95 ግራም። እ.ኤ.አ. በ2004 ሲወጣ ገበያው ላይ የነበሩት ተከፋች ስልኮች አብዛኞቹ ከሱ በብዙ ይወፍሩ ነበር። ቅጥነቱ የተገኘው የውስጥ ዕቃው አንሶ አይደለም፤ ቦታው ተቀያይሮ ነው። በሮጀር ጄሊኮ የሚመራው የሞቶሮላ መሐንዲሶች ቡድን ባትሪውን ከቦርዱ ጀርባ መደረብ ትቶ ሁለቱን ጎን ለጎን አስተኛቸው። አንቴናውንም ከላይ አንስቶ ከቁጥሮቹ በታች ወዳለው ወፈር ያለ አገጭ አወረደው። ጎን ለጎን የተኛ ዕቃ ወርድ ይፈልጋል። የኩባንያው ባለሙያዎች ከ49 ሚሊ ሜትር በላይ የሰፋ ስልክ ለእጅ አይመችም ቢሉም ቡድኑ 53 ላይ ጸና። የሬዘር ስልኮች በጠቅላላው ከ130 ሚሊዮን በላይ ስለተሸጡ ቡድኑ ተሳስቷል ማለት ይከብዳል፤ ትንሽ እጅ ያለው ሰው ግን በአንድ እጁ ሲጽፍ አውራ ጣቱ ማዶ ላሉት ቁጥሮች አልደርስ ቢለው የባለሙያዎቹ ሐሳብም ከንቱ አልነበረም።

ይህንን አቀማመጥ ማወቅ ለባለቤቱ ይጠቅማል። ሲግናል ለምን እንደሚደክም፣ ስክሪኑ ለምን ሲከፈት ብልጭ እያለ እንደሚጠፋ፣ የኋላው ካቨር ለምን አልዘጋ እንደሚል የሚገባው ምን የት እንደተቀመጠ ለሚያውቅ ነው።

ከመግዛት በፊት

በመጀመሪያ ሞዴሉን ይለዩ። መልካቸው በጣም ስለሚመሳሰል ብዙ ሰው ይሳሳታል። ቪ3 እና ቪ3አይ ሲም ካርድ የሚቀበሉ የጂኤስኤም ስልኮች ናቸው። ቪ3ሲ እና ቪ3ኤም ግን ለአሜሪካና ለመሰል ገበያዎች የተሠሩ የሲዲኤምኤ ስልኮች ስለሆኑ የሲም ቦታ የላቸውም፤ ዘመድ ከውጭ ቢልክልዎ ኢትዮጵያ ውስጥ ከመታያነት አያልፉም። ባትሪውን አውጥቶ ከሥሩ የሲም ማስገቢያ መኖሩን ማየት በቂ ነው። ቪ3 የሚሞሪ ካርድ ቦታ የለውም፤ ፈልገው አይድከሙ። ቪ3አይ ግን አለው፤ ካሜራውም ከቪ3 የተሻለ ነው።

ሁለተኛው ነገር ኔትወርክ ነው። ቪ3 በ850፣ 900፣ 1800 እና 1900 ሜጋኸርዝ ይሠራል፤ ሁሉም ግን ቱጂ ነው። ቱጂ ባለበት አገር ለመደወልና ለመልእክት ይሆናል። አሜሪካ ያሉ አንባቢዎች ይህንን ልብ ይበሉ፦ የቴሌኮም ድርጅቱ ኤቲ ኤንድ ቲ ቱጂውን የዘጋው በ2017 መጀመሪያ ላይ ነው። በሌላ አገር ያለ ሰውም ገንዘቡን ከማውጣቱ በፊት የቴሌኮም ድርጅቱን ይጠይቅ። ስልኩ ለአንድ ድርጅት ሲም ብቻ የተቆለፈ ከሆነም ሌላ ሲም ሲያስገቡ ኮድ ይጠይቃል።

ከዚያ ቀፎውን ይፈትሹ። ዛሬ በየሱቁ የሚገኙት ብዙዎቹ የውጭ አካላቸው ተቀይሯል። ዋናው ቪ3 የአሉሚኒየም አካል ስላለው ሲነኩት ይቀዘቅዛል። ኪፓዱም ከአንድ ስስ ብረት የተቆረጠ ነው፤ ሲበራ ሰማያዊው ብርሃን በተቆረጡት ቁጥሮች ውስጥ ጥርት ብሎ ይወጣል። ቁጥሩ በቀለም የተጻፈበት ፕላስቲክ ከሆነ ወይም ብርሃኑ በየጠርዙ የሚያፈስ ከሆነ ተቀይሯል። የተቀየረ አካል ሁሉ መጥፎ ነው ማለት አይደለም፤ ስልኩ አንድ ጊዜ ተፈቶ እንደተገጠመ ግን ይነግርዎታል፤ ስለዚህ ማጠፊያውን በሁለት ዓይን ይዩ።

ማጠፊያውን ሲፈትሹ የስልኩን ታችኛ ክፍል በግራ እጅ ያዙና ክዳኑን እስከ ግማሽ ብቻ ይክፈቱት። የክዳኑን ጫፍ በሁለት ጣት ይዘው ወደ ግራና ቀኝ በቀስታ ይነቅንቁት። ጥቂት መላወስ የተለመደ ነው፤ ቀጭ ቀጭ የሚል ድምፅ ወይም በዓይን የሚታይ መዛነፍ ካለ ግን ማጠፊያው ተበልቷል ወይም ብሎን ጎድሎታል። ቀጥለው ስልኩን አብርተው ክዳኑን ከተዘጋበት እስከ መጨረሻው ወደ 10 ሴኮንድ በሚፈጅ ፍጥነት ይክፈቱት፤ ዓይንዎ ከስክሪኑ አይነሳ። መስመር ከታየ፣ ነጭ ከሆነ ወይም ከጠፋ ፍሌክሱ፣ ማለትም ታችኛውን ቦርድ ከክዳኑ ጋር የሚያገናኘው ስስ ጥብጣብ፣ እየሞተ ነው። ካሜራውን ከፍተው፣ ደውለውም በጆሮ ስፒከሩ እየሰሙ ይህንኑ ይድገሙ፤ ሁለቱም ያሉት ክዳኑ ውስጥ ነው። ሲዘጉት የውጭዋ ትንሽ ስክሪን መብራት አለባት። በመጨረሻ *#06# ይጻፉ፤ የሚወጣው ባለ 15 አሃዝ ቁጥር ከባትሪው ሥር ካለው ወረቀት ጋር ካልገጠመ ቦርዱ የሌላ ስልክ ነው፤ ሻጩ ምንም ቢል ዋጋውን ማስቀነስ የእርስዎ ድርሻ ነው።

አከፋፈትና አዘጋግ

ክዳኑን የሚቆጣጠረው ማጠፊያው ውስጥ ያለው ስፕሪንግ ነው። እስከ ተወሰነ ማዕዘን ድረስ ይቃወማል፤ ከዚያ ሲያልፍ ራሱ ይስባል። አጀማመሩን የእጅዎ ጉልበት ይሠራዋል፣ ማብቂያውን ስፕሪንጉ። ስልኩን በእጅ አንጓ ወርውሮ ጧ አድርጎ መክፈት የሚጎዳው ለዚህ ነው፤ የውርወራው ጉልበት በስፕሪንጉ ላይ ይጨመርና ክዳኑ መቆሚያው ላይ በኃይል ያርፋል። ደጋግሞ ሲመታ በመጀመሪያ ማጠፊያው ይላላል፣ ቀጥሎ አካሉ በማጠፊያው ጥግ ይሰነጠቃል።

በአንድ እጅ ለመክፈት ስልኩን አገጩ ወደ መዳፍዎ ሆኖ ይያዙት። አውራ ጣትዎን ክዳኑ አገጩን በሚነካበት ስንጥቅ መካከል ያስገቡ። ጥፍር ሳይሆን የጣት ሥጋ ይሁን፤ ጥፍር የክዳኑን ጠርዝ ቀለም ይልጣል፣ አልፎም ኪፓዱን ይጭራል። ወደ ላይ ሲገፉ ከመካከሉ ይግፉ። በጥግ በኩል መግፋት ክዳኑን ያጣምማል፤ ጫናውም በአንድ ወገን ማጠፊያ ላይ ብቻ ይወድቃል። ስፕሪንጉ ሲይዘው ጣትዎን ያንሱ። ሲዘጉም ጥሪውን በቁጣ ማቋረጥ ካላማረዎት በቀር ክዳኑን በጣት ሸኝተው ይዝጉት።

ይህ ምክር ስክሪናቸው ራሱ ለሚታጠፍ አዳዲስ ስልኮች አይሠራም። ሞቶሮላ በኋላ በሬዘር ስም ያወጣቸውም ሆኑ የሳምሰንጉ ጋላክሲ ዜድ ፍሊፕ ውስጣቸው በሙሉ ለስላሳ ስክሪን ነው፤ አውራ ጣት በስንጥቁ አስገብቶ መፈልቀቅ እነሱን ይጎዳል። እነዚያን በሁለት እጅ ነው መክፈት።

ሲያወሩና ኪስ ሲያስገቡ

አንቴናውም ማይኩም አገጩ ውስጥ ናቸው። አገጩን በመዳፍ ጨምድዶ የያዘ ሰው በአንድ ጊዜ ሁለት ነገር ያበላሻል፦ ሲግናሉን ያደክማል፣ ድምፁን ያፍናል። ስልኩን በጎኖቹ፣ ከማጠፊያው ትንሽ ዝቅ ብለው ይያዙት፤ ትንሿ ጣት አገጩን አትደግፍ። ኔትወርክ በሚደክምበት ቦታ፣ ለምሳሌ በወፍራም ኮንክሪት ቤት ውስጥ፣ ልዩነቱ መስመር እስከ መቆራረጥ ሊደርስ ይችላል። ብረት ያለባቸው ካቨሮችና ከአገጩ ጀርባ የሚለጠፉ ማግኔቶችም ተመሳሳይ ጉዳት አላቸው።

ቀጭን ስለሆነ የሱሪ የኋላ ኪስ ውስጥ ይገባል፤ አይግባ። ሲቀመጡበት ክብደትዎ የሚያርፈው በስልኩ መካከል ነው፤ አሉሚኒየሙ ትንሽ ቢጎብጥ የኋላው ካቨር ከዚያ በኋላ በቀጥታ አይገጥምም። የፊት ኪስ ይሻላል፤ ግን ቁልፍና ሳንቲም ከሌለበት። የውጭው መስታወት ጠንካራ ቢሆንም የአካሉ ቀለም በቁልፍ ይጫራል። በጎን ያሉት የድምፅ ቁልፎች ስልኩ ተዘግቶም ይሠራሉ። ጥሪ ሳይሰሙ ከቀሩና ስልኩ ድምፅ አልባ ሆኖ ካገኙት ቀድመው ጥፋቱን ኪስዎ ላይ ያድርጉ።

በክዳኑ ውስጠኛ ጠርዝ ያሉት ትናንሽ ጎማዎች እንዳይወድቁ ይጠብቁ። ሥራቸው ክዳኑ ኪፓዱን እንዳይነካ ማራቅ ነው። ከጠፉ ወደ 1 ሚሊ ሜትር የሚወፍር የሚለጠፍ ጎማ በልኩ ቆርጠው ይተኩ። ከዚያ ከወፈረ ክዳኑ አይዘጋም፤ ስልኩም እንደተከፈተ ስለሚቆጥረው መብራቱ እየበራ ባትሪ ይጨርሳል።

ካቨር፣ ባትሪና ሲም

ስልኩን ያጥፉት፣ ክዳኑን ይዝጉት፣ ፊቱን ለስላሳ ጨርቅ ላይ ደፍተው ያስቀምጡት። የኋላውን ካቨር መልቀቂያ ተጭነው ካቨሩን ያንሸራቱ እንጂ ወደ ላይ አይመንጭቁ፤ የሚይዙት ጥርሶች ስስ ናቸው፣ ከተሰበሩ ካቨሩ ኪስ ውስጥ እየወለቀ ያስቸግራል። ባትሪውን በጥፍር ከዳር ያንሱት። ሲመልሱት የብረት ነጥቦቹ ያሉበት ጫፍ መጀመሪያ ይግባ።

ስልኩ የሚቀበለው ትልቁን ሲም ነው፤ 25 በ15 ሚሊ ሜትር። ዛሬ የሚሸጡ ሲሞች ብዙውን ጊዜ ሦስት መጠን ያለው ክፈፍ ይዘው ስለሚመጡ ትንሹን ፈልቅቀው ካላወጡት እንዳለ ይግባ። ትንሹን ናኖ ሲም በማስተካከያ ክፈፍ ማስገባት የሚፈልጉ ደግሞ ሁለት ነገር ይወቁ። ናኖ ሲም ውፍረቱ 0.67 ሚሊ ሜትር ገደማ ሲሆን ትልቁ 0.76 ነው፤ ስለዚህ ክፈፉ ውስጥ ይላወሳል። ከጀርባው ስስ ግልጽ ፕላስተር ይለጥፉበት። ሲም የሌለበትን ባዶ ክፈፍ ደግሞ አስገብተው አያውጡ፤ የሲሙ ስፕሪንጎች በክፈፉ ክፍተት ይያዙና ሲጎትቱ ይነቀላሉ። ይህ ቦርድ የሚያስፈታ ጥገና ነው፤ ለክፈፍ ዋጋ ሲባል አያዋጣም።

የቪ3 ባትሪ ቢአር50 ይባላል፤ 3.7 ቮልት፣ 680 ሚሊ አምፒር ሰዓት። በዚሁ መጠን 1,500 ወይም 2,000 የሚል ጽሑፍ ያለበት ካዩ ጽሑፉን አይመኑ፤ በዚህ ስስ ሣጥን ውስጥ ያን ያህል አይገባም። አንዳንድ ቅጂ ባትሪ የሞቶሮላ መለያ ቺፕ ስለሌለው ስልኩ ባትሪው ልክ አይደለም የሚል መልእክት አውጥቶ ቻርጅ አላደርግም ይላል። መጀመሪያ የባትሪውንና የስልኩን የብረት ነጥቦች በደረቅ ላፒስ ቀስ ብለው ይፈግፍጉ፤ ችግሩ ዝገት ብቻ ከሆነ ይፈታል።

ባትሪው ማበጡ በዚህ ስልክ ላይ ቶሎ ይታወቃል፤ ትርፍ ቦታ ስለሌለ ካቨሩ አልዘጋ ይላል ወይም መሐሉ ከፍ ይላል። ባትሪውን ጠረጴዛ ላይ አድርገው በጣት ቢያሽከረክሩት ያበጠው ይዞራል፤ ጤነኛው በቦታው ይቆያል። ያበጠ ባትሪ አይጫኑ፣ አይብሱ፣ ቻርጅ አያድርጉ። ለዓመታት የተቀመጠ ባትሪ ካለዎት በመልቲሜትር ይለኩት፤ ከ3 ቮልት በእጅጉ ወርዶ ከተገኘ አዲስ መግዛት ይሻላል።

ቻርጀር ለምን እምቢ ይላል

ብዙ ሰው ስልኩ ተበላሽቷል ብሎ የሚያስቀምጠው እዚህ ላይ ነው። ቀዳዳው ሚኒ ዩኤስቢ ስለሆነ ለካሜራ ወይም ለሌላ ዕቃ የተሠራ ገመድ ይገባል፤ ቻርጅ ግን አያደርግም። ስክሪኑም ያልተፈቀደ ቻርጀር ነው ይላል። ምክንያቱ ሚኒ ዩኤስቢ አምስት ፒን አለው፤ የሞቶሮላ ቻርጀር አራተኛው ፒን ላይ ሬዚስተር፣ ማለትም የኤሌክትሪክ ፍሰትን የሚገታ ትንሽ ዕቃ፣ አለ። ስልኩ ያንን ሬዚስተር ሲያገኝ ነው የግድግዳ ቻርጀር ነው ብሎ የሚቀበለው። ተራ ገመድ ላይ ይህ ፒን ባዶ ስለሆነ ስልኩ ኮምፒውተር ላይ የተሰካ ይመስለዋል፤ ፈቃድም ይጠብቃል።

መፍትሔው ሁለት ነው። የዚያን ዘመን የሞቶሮላ ሚኒ ዩኤስቢ ቻርጀር መፈለግ አንዱ ነው፤ የሌሎች የሞቶሮላ ሞዴሎችም ይሠራሉ። ሌላው ስልኩን አብርቶ ኮምፒውተር ላይ መሰካት ሲሆን ይህም ኮምፒውተሩ የስልኩ ሶፍትዌር ተጭኖበት ሲያውቀው ነው። ባትሪው ሙሉ በሙሉ ካለቀ ስልኩ ስለማይበራ ሁለተኛው መንገድ አይሠራም፤ ያኔ የግድግዳ ቻርጀር ወይም ሱቅ የሚገኘው ባትሪ ብቻውን ቻርጅ የሚያደርግ መሣሪያ ያስፈልጋል። በዚያ መሣሪያ ሲጠቀሙ አጠገቡ ይሁኑ፤ ርካሾቹ ሲሞላ በጊዜ አያቆሙም።

ጽዳት

ኪፓዱ ጠፍጣፋ ስለሆነ ጽዳቱ ቀላል ይመስላል። ችግሩ በቁልፎቹ መካከል ያለው ጠባብ መስመር ነው፤ ላብ፣ ቅባትና አቧራ ተጋግረው ይሞሉታል። ባትሪውን ካወጡ በኋላ ስልኩን ከፍተው ኪፓዱን ወደ ታች አዘቅዝቀው ይያዙ፤ በደረቅ ለስላሳ የጥርስ ብሩሽ መስመሩን ተከትለው ይጥረጉ። አዘቅዝቆ መያዙ ቆሻሻው ወደ ውስጥ ከመግባት ይልቅ እንዲወድቅ ነው። ከዚያ 2 ወይም 3 ጠብታ አልኮል በጨርቅ ላይ፣ በስልኩ ላይ ሳይሆን፣ አድርገው ይጥረጉት። 90 በመቶና ከዚያ በላይ የሆነ አልኮል ይሻላል። ፋርማሲ የሚሸጠው 70 በመቶው ውሃ ስላለው ባትሪውን ከመመለስዎ በፊት ግማሽ ሰዓት ይጠብቁ።

አልኮል ማፍሰስ የሚከለከለው ከብረቱ ሥር ያለው የብርሃን ንጣፍ እርጥበት ስለማይወድ ነው። ይህ ንጣፍ ከአምፑል የተለየ ነው፤ በኤሌክትሪክ የሚያበራ ስስ ሽፋን ሲሆን በዕድሜም ይደበዝዛል። የደበዘዘ ኪፓድ በጽዳት አይመለስም። በከፊል ብቻ የጠፋ፣ ጥግ ላይ ጥቁር ነጠብጣብ ያለው ከሆነ ግን ውሃ ገብቶበት ነበር ማለት ነው።

የውስጥ ስክሪኑ መሸፈኛ ፕላስቲክ ስለሆነ ወረቀት ይጭረዋል፤ የመነጽር ጨርቅ ይጠቀሙ። የዩኤስቢውን ቀዳዳ በእንጨት የጥርስ መፋቂያ እንጂ በመርፌ አይነካኩ። ስልኩ ውሃ ውስጥ ከወደቀ ባትሪውን ወዲያው ያውጡ፣ ክዳኑን ከፍተው ያቁሙት፣ ነፋስ ባለበት ቢያንስ 24 ሰዓት ያቆዩት። ሩዝ ውስጥ መቅበሩ አቧራና ስታርች ማጠፊያው ውስጥ ከማስገባት ያለፈ ጥቅም የለውም።

ፍሌክሱ ሲሞት

የዚህ ዓይነት ስልክ ዕድሜ የሚለካው በፍሌክሱ ነው። ታችኛውን ቦርድ ከክዳኑ ጋር የሚያገናኘው ይህ ስስ ጥብጣብ ማጠፊያው ውስጥ ተጠምዝዞ ያልፋል፤ በውስጡ ያሉት የመዳብ መስመሮች በተከፈተና በተዘጋ ቁጥር ይታጠፋሉ። ደጋግመው ሲያጥፉት እንደሚበጠስ ሽቦ፣ መስመሮቹ አንድ በአንድ ይሰነጠቃሉ። ለዚህ ነው ብልሽቱ በአንድ ጊዜ የማይመጣው፦ መጀመሪያ በአንድ ማዕዘን ላይ ብቻ ስክሪኑ ይንቀጠቀጣል፣ ቀጥሎ የጆሮ ድምፅ ይቆራረጣል ወይም ካሜራው አልከፍት ይላል፣ በመጨረሻ ስክሪኑ ነጭ ሆኖ ይቀራል። ስክሪኑ ነጭ ሆኖ ሳለ ስልኩ የሚጠራ ከሆነ ቦርዱ ደህና ነው፤ ጥገና ቤት ቦርድ ይቀየር ቢሉዎት አይቀበሉ። ስክሪኑ በየትኛውም ማዕዘን ካልተለወጠና ጥቁር ፍሳሽ የመሰለ ነገር ካለበት ግን የተሰበረው ስክሪኑ ራሱ ነው።

ፍሌክስ መቀየር የሚሞክር ሰው ልኩን የጠበቀ የኮከብ ራስ ካቻቪቴ፣ የፕላስቲክ መፈልቀቂያ፣ ወረንጦና ነጭ ወረቀት ያዘጋጅ። ልኩ ያልሆነ ካቻቪቴ የትንሹን ብሎን ራስ ይበላዋል፤ ከዚያ ወዲያ አይፈታም። ብሎኖቹን በወጡበት አቀማመጥ ወረቀቱ ላይ በፕላስተር ይለጥፏቸው፤ ረጅሙ በአጭሩ ቦታ ከገባ ሌላኛው ወገን ያለውን ሊበሳ ይችላል። አሮጌውን ፍሌክስ ከማውጣትዎ በፊት ስንት ዙር እንደተጠመዘዘና ወደ የት እንደዞረ ፎቶ ያንሱ። አዲሱ በዙር ካነሰ ክዳኑ ሲከፈት ይወጠርና በጥቂት ሳምንት ይበጠሳል፤ ከበዛ ማጠፊያው ውስጥ ይጨፈለቃል። አገናኞቹን በጣት ቀጥታ ተጭነው ያስገቡ፣ አያንሸራቱ። አካሉን ሙሉ በሙሉ ከመዝጋትዎ በፊት ባትሪ አስገብተው ያብሩት፤ ክዳኑን 20 ጊዜ ያህል ከፍተው ዘግተው ስክሪን፣ ድምፅና ካሜራ ይፈትሹ። ብሎኖቹን ሲያጠብቁ መያዝ ሲጀምሩ ያቁሙ። ስልኩ ከተገጠመ በኋላ ሲግናል ከቀድሞው ከደከመ አገጩ በደንብ አልገጠመም ማለት ነው፤ ፈተው እንደገና ይግጠሙት።

ስልኩን ለወራት የማይጠቀሙበት ከሆነ ባትሪውን እስከ ግማሽ ሞልተው ያውጡትና ለብቻው ደረቅና ቀዝቃዛ ቦታ ያስቀምጡት። ክዳኑ ተዘግቶ ይቀመጥ። በየ6 ወሩ ባትሪውን አውጥተው ይመልከቱ፤ ካላበጠ እንደገና እስከ ግማሽ ይሙሉት።